የቀሩት አሥራ ሰባት ስግደቶች

ከረቡዕ ጀምሮ ዓይኗ አልተከደነም፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ይኸው ጣሊያኖቹ ምሳቸውን በልተው ቤቱ ሁሉ ጭር በሚልበት በቀትሩ የእረፍት ሰዓት የሺአረግ መጋረጃዋን ዘግታ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ በጠባቧ አልጋ ላይ ጣራ ጣራውን ታያለች። ጣራው ላይ ዝናብ ያበላሸው ቢጫ እድፍ አለ። አንዳንድ ቀን ሲያዩት ጣና ነው፤ ይኼ ጎኑ ዘጌ፣ ያ ጎርጎራ፣ ይቺ ቀጭኗ ጭረት ደግሞ ዓባይ ተለይቶ የሚወጣባት። ዛሬ ግን በግንባሯ የተደፋች ሴት ናት፤ ይኸው ክንዷ፣ ይኸው ጉልበቷ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞር ግድግዳውም ላይ ያችው ናት። ኧረ በሩፋኤል፣ ምን አፌን አስከፈተኝ፣ ምን ነበር ዝም ብዬ ድስቴን ባጥብ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺ ምላስ ያላቃጠለችው ቤት አለ ወይ፣ ደግሞ ባሕር ተሻግራ ልታቃጥል! ትለዋለች ለትራሱ። ትራሱ ምን ይበል።

ድስት ማጠብ እንደሆነ ታውቅበታለች። ይህ ቤት በሰሜን ጣሊያን ከአንድ ሐይቅ ዳር ያለ የካቶሊክ ሲስተሮች የሱባዔ ቤት ነው። ሐይቅስ አሉት እንጂ ከጣና ጎን ቢያስቀምጡት የገበቴ ውሃ ነው። ሰው ከከተማ መጥቶ ስምንት ቀን ሳይናገር ይሰነብታል፣ እሷ ደግሞ ለሁሉም ታበስላለች። ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ አሠሪዎቿ ወደዚህ አገር ሲዛወሩ ይዘዋት መጥተው፣ ከዚያ እነሱም ሲበተኑ ሲስተሮቹ ወጥ ቤት ካስገቧት ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ታዲያ የሱባዔ ሰው ሁለት ቀን ዝም ይላል፣ በሦስተኛው ዝምታው ሆዱን ይነፋውና ሹልክ ብሎ ወጥ ቤት ይመጣል። ድንች መላጫውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ከዚያ ይዘረግፈዋል። ባሌ እንዲህ ሆነ፣ ልጄ እንዲህ አለችኝ፣ እግዜር ወዴት ሄደ። የሺአረግ ያኔ ጣሊያንኛዋ ከእንቁላልና ከጨው አያልፍም፤ የሚሉት ሩቡም አይገባት፣ ግን ፊታቸውን እያየች እንደ አገሯ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ... እህ» ትላለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ አንዳንዴ አብራ ታለቅሳለች። ሰዎቹ ቀልሏቸው ይወጣሉ። የቤቱ ኃላፊ ሲስተር ክላራ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አጭር ሴት፣ ይህንን ከኮሪደሩ ሲያዩ ሲያዩ ከርመው አንድ ቀን መጡና፣ «የሺ፣ መንፈሳዊ መሪ ለመሆን ብትማሪስ?» አሏት። ሳቀችባቸው። እኔ? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁት? ማንንስ ወዴት ልመራ፣ ራሴ ገበያ ወርጄ መመለሻው ይጠፋኝ የለም ወይ! ሲስተር ክላራ ግን አልሳቁም። «መሪ ስንል ንስሐ የሚቀበል አይደለም፣ ኃጢአት የሚፈታም አይደለም፣ ያ የካህን ነው። ይኼ የሚሰማ ሰው ነው። ሰውየው እግዚአብሔር በሕይወቱ ምን እያለው እንደሆነ እስኪሰማ ድረስ አጠገቡ የሚቀመጥ» አሉ።

አሁን ሲያስቡት እኮ ጣሊያንኛው ነው ያጠፋት። ቋንቋ ባታውቅ ኖሮ አትመልስም፣ ባትመልስ ኖሮ እንድትሰማት የተሰጠቻት ኦርኔላ አትወድቅም።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ሁለት ዓመት፤ ሰኔ ላይ ያልቃል። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ቀን በክብ አስቀምጠው፣ ወደዚህ ያመጣችሁን መንገድ ተናገሩ ተባሉ፤ አይ የሰው መንገድ! ቱሊዮ የሚባለው ግንባረ ሰፊ ሰውዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። «ከራሴ በላይ ‹ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው› የሚል ተለጥፏል፤ ሰው ግን ጀርባዬን አይቶ የማይነግረኝ የለም። ጡረታ ስወጣ ቤቴ ጸጥ አለ። ጸጥታው ውስጥ የነገሩኝ ሁሉ ይጮኹብኛል» አለ። አንዷ ዳኛ ነበረች፤ ዕድሜዋን በሙሉ እየፈረደች ኖራ፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ሰው ሳልፈርድ ልስማ ብላ መጣች። አንዷ የወህኒ ጠባቂ። አንዱ ጉልበቱ የተሰበረ ኳስ ተጫዋች። ሲስተር ክላራ ራሳቸው እስከ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ድረስ ጸጉር ሠሪ ነበሩ፤ ራሱን ለእጅሽ የሰጠ ሰው ልቡም ብዙ አይርቅም አሉ፣ የሺአረግ እጃቸውን አየችው፣ እውነትም የጸጉር ሠሪ እጅ። ተራው እሷ ዘንድ ደረሰ። ምን አለች? ዋሸች። እኔ ከገዳማት ሐይቅ ነኝ አለች፣ ሌሊት ማሕሌት እየሰማሁ አደግሁ፣ አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ ከሕፃንነቴ መንፈስ ይጠራኝ ነበር አለች። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ዳኛዋ እንባዋን ጠረገች። ማሕሌቱም እውነት ነው፣ አያቷም እውነት ናቸው፣ ግን መንገዱ ያ አይደለም። መንገዱ ዜማ ናት።

ዜማ የታናሽ ታናሽ እኅቷ ናት። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሁለቱ ባሕር ዳር፣ ጣና ጠርዝ ላይ ምንጣፍ ያጥባሉ፤ ውሃው እንደ ዛሬው እንቦጭ አልዋጠውም፣ ንጹሕ ነው፣ ዜማ ቀሚሷን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ ምንጣፉን ትረግጣለች፣ ትስቃለች፣ ድንገት ሳቋን ታቆማለች። «እታለም፣ ለማንም እንዳትነግሪ።» «ምኑን?» «የወሊድ መከላከያ መርፌ እየወሰድሁ ነው። እሱ አያውቅም። ኮሌጁን ልጨርስ ብዬ እኮ ነው፣ ከዚያ እወልድለታለሁ።» ባሏ ከከተማው ጥግ ሰባታሚት ላይ ቤት የሠራ፣ ልጅ ልጅ የሚል ሰው ነው፤ እናቱማ በየሳምንቱ ሆዷን በዓይናቸው የሚለኩ። የሺአረግ እሺ አለች። እጇ አረፋ ነው፣ አረፋው ሳይደርቅ እሺ አለች። ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው፣ ማሕፀኗ ቢደርቅስ፣ ብትታመምስ፣ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብላ ለእናታቸው ነገረች። እናት ለዜማ አማት። ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ባጃጅ ዓባይ ማዶ ሰፈር ባለው የእናታቸው ቤት በር ላይ ቆመች፣ ከኋላዋ የዜማ ሣጥን ታስሯል። ዜማ ወረደች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «አንቺን ምከሪኝ አላልሁሽም፣ እታለም። ስሚኝ ነው ያልሁሽ» አለች። ማታውኑ ይፋግ ወደምትባል ከተማ አክስታቸው ዘንድ ሄደች፣ እዚያው ቀረች፤ አሁን ሩዝ ትነግዳለች ይላሉ፣ ትልቅ ሰው ሆናለች ይላሉ። የሺአረግ ስትደውል ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይጠራል። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚጠራ ስልክ! ታዲያ ይኼንን ነበር በክብ ለተቀመጡት መንገር። አንድ ሰው ስሚኝ ብሎኝ ሳልሰማው ቀረሁ፣ መስማት ልማር ነው የመጣሁት ማለት። ማሕሌት አለች እንጂ።

ሲስተር ክላራ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩት እጅን ነው። ሰው ሲናገር እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ባዶውን። አትጻፉ፣ አታባብሉ፣ መሐረብ እንኳ አታቀብሉ። እጅ ከተነሣ ሰውየውን ልትጠግኑት ነው፣ ልትጠግኑት ከሆነ እየሰማችሁት አይደለም። ሌሎቹ በአንድ ቅዳሜ ቻሉት። የሺአረግ ግን እጇ በሬ ነው፣ ቀንበር ሲያጣ ይበረግጋል። ሲስተር ክላራ፣ «ብትቀመጪበትስ?» አሏት፣ ሰው ሳቀ፣ እሷም ከልቧ ሳቀችና በእጆቿ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ሆና ነው አራት ወር ኦርኔላን የሰማቻት። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ሰው ተሰጥቶታል፤ ለእሷ የደረሰቻት ኦርኔላ ናት፣ ሒሳብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ስልሳ ሦስት ዓመት፣ ቀጥ ያለች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የምታወራ። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ሦስት ወር ስለ ዝናቡና ስለ ድመቷ አወራች። ባለፈው እሑድ ነገሩን አወጣችው። ምን እንዳለች የሺአረግ እንኳን ለሰው ለትራሷም አልነገረችም፣ በሐሳቧም ሲመጣባት ፊቷን ታዞርበታለች፤ ዜማን የበላ አፍ ኦርኔላን አይደግምም። ብቻ ትልቅ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ያረጀ ነው። ከዚያ ኦርኔላ ቦርሳዋን ወለል ላይ ጣለችና፣ «ምን ላድርግ? የሺ፣ በናትሽ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

ይኼኔ ነው እጁ ከተቀመጠበት የወጣው። ይኼኔ ነው ከየሺአረግ አፍ የአባ ገብረ ሕይወት ድምፅ የወጣው። አባ ገብረ ሕይወት የቤተ ሰቡ የነፍስ አባት ናቸው፤ አባቷን፣ እናቷን፣ እሷን፣ ዜማን፣ ሁሉንም ያናዘዙ፣ ኃጢአትሽን ስትነግሪያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጢማቸውን ይዘው ቆይተው፣ ይኼን ያህል ስገጂ፣ ይኼን ያህል ጹሚ ብለው ቀኖና የሚሰጡ። የሺአረግ ነፍስን የሚያክም ሌላ ምን አይታ ታውቃለች? «ሦስት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምሽም። በየቀኑ አርባ አርባ ትሰግጃለሽ» አለች ፍርጥም ብላ። ዘጠኝ ሰዓት ማለት በናንተ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው ብላም አስረዳች፣ መምህርት ናትና ኦርኔላ ቶሎ ገባት። ስግደት ምንድን ነው ስትላት ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አንጥፋ፣ በግንባሯ ወለሉን እየነካች ሦስት ጊዜ አሳየቻት። የኦርኔላ ፊት በራ። «ስንት ዓመት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ስመላለስ አንድ ሰው የሚሠራ ነገር አልሰጠኝም!» ብላ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ እየዘለለች ሄደች። የሺአረግ ያን ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ አዘፈናት። እንዲያውም፣ ይኼ መምራት የሚባለው ቀላል ነገር ኖሯል፣ አለች።

ሰኞ ሰገደች። ማክሰኞ ሰገደች። ረቡዕ ኦርኔላ ሳሎኗ ውስጥ ወደቀች፣ ግንባሯ የጠረጴዛ ጠርዝ መታ። ለካ ስኳር አለባት። ለካ መድኃኒቷን ጧት ጧት ውጣ ነው የምትጾመው። ጎረቤቷ ቱሊዮ ነው፣ ሹፌሩ፤ ድመቷ ስትጮህ ሰምቶ በያዘው ትርፍ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። ስምንት ስፌት። እስከ ትናንት ማታ ከወዲያኛው ዓለም ወዲህና ወዲያ። አሁን ነቅታለች፣ ሐኪሞቹ ምን ሆነሽ ነው ሲሏት፣ ምንጣፉ አዳልጦኝ ብላለች። ለሲስተር ክላራም፣ ምንጣፉ። ዛሬ ጧት ቱሊዮ ወጥ ቤት ድረስ መጣና፣ «ለየሺ ሃያ ሦስት በላት አለችኝ። ምንድን ነው፣ የቤት ቁጥር ነው?» አለ። የሺአረግ የያዘችው ድስት ከእጇ አመለጠ። ሃያ ሦስት። የሦስተኛው ቀን ሃያ ሦስተኛ ላይ ነው የወደቀችው። አሥራ ሰባት ቀርቷታል። ሞት አፋፍ ላይ ሆና የምትቆጥረው ያንን ነው! የምትደብቀው ደግሞ እኔን ነው። እኔ የሰውን ምሥጢር ሜዳ ላይ አሰጣሁ፣ ይቺ ፈረንጅ በተሰፋ ግንባሯ የኔን ምሥጢር ትጠብቅልኛለች።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሲስተር ክላራ ቢሮ ትጠራለች። ስለ ኦርኔላ አራት ወር የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ምን ተደረገ፣ ምን ተባለ፣ ችግር ነበር ወይ። አንድ ቃል ይበቃል፤ ችግር የለም። ሰኔ ላይ የምስክር ወረቀቷን ትቀበላለች። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ቢኖር ፓስፖርት ብቻ ነው። ያን ወረቀት በመስታወት አስገብታ የምትሰቅልበትን ምስማር ሳይቀር መርጣለች። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ወረቀቱም የለ፣ ወጥ ቤቱም የለ ይሆናል፤ የት ትሄዳለች? ሻንጣዋን ይዛ ወደ ባሕር ዳር? ማን ሊቀበላት? እናት የለች። ዜማ ስልክ አታነሣ። ቆይ ደግሞ፣ ማን ጠየቀሽ? ኦርኔላ ራሷ ምንጣፍ ነው ካለች ምንጣፍ ነው። ደግሞስ የኦርኔላን ነገር ማውጣት አይሆንም ወይ፣ ምሥጢር አይደለም ወይ? የኦርኔላ ምሥጢር ሌላ ነው፣ ይኼ ያንቺ ነው፤ አትቀላቅይ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አታምታቺ።

ተነሥታ ተቀመጠች። እዚህ ሰባት ተኩል ነው፤ እዚያ ዘጠኝ ተኩል። የጾም ቅዳሴ ወጥቷል፣ አባ ቤታቸው ገብተዋል። እዚያ ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ በካርድ ነው የሚደወለው። ጠራ።

«ሃሎ! ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ አባቴ፣ የሺ።»

«የትኛዋ የሺ? አገሩ ሁሉ የሺ ነው።»

«ወለተ ሩፋኤል።»

«አንቺ ቀዥቃዣ! እንዲያ በይኛ! ፈረንጆቹ ድምፅሽን በሉት እንዴ፣ ጮክ በይ! ጾሙን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ አባቴ።»

«ትቆርቢያለሽ?»

ሁልጊዜ ይኼን ይጠይቃሉ፣ ሁልጊዜ እቆርባለሁ ትላለች። ውሸት አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት በፋሲካ ዋዜማ ሲስተሮቹ ጸሎት ቤት ካቶሊክ ሆና ነው የምትቆርብ፤ ሲስተር ክላራ፣ እንጀራችንን ስለበላሽ እንዳይሆን ብለው ሁለት ዓመት አቆይተዋት ነበር። ያንን ግን ለአባ ነግራ አታውቅም። ዛሬ ምላሷ ላይ ቃሉ ደረቀባት። ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰሰችው፤ ካቶሊክ መሆኗን፣ ትምህርቱን፣ የኦርኔላን መምጣት፣ ቀኖናውን፣ መውደቋን። ኦርኔላ የነገረቻትን ብቻ አልነገረቻቸውም። ሲያልቅ በስልኩ ውስጥ የሩቅ ባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም።

«አባቴ? መስመሩ ተቋረጠ?»

«አልተቋረጠም። ማን ሾመሽ?»

«ማንም።»

«እጅ የጫነብሽ አለ?»

«የለም አባቴ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ እያታለልሽኝ።» ትንፋሻቸው ይሰማታል፣ ያረጀ ትንፋሽ። «ይኼን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። ብዙ እንጣላለን፣ ዝግጁ ሁኚ። አሁን የወደቀችዋን ንገሪኝ። ትልቅ ናት?»

«ስልሳ ሦስት።»

«በሽታ እንዳለባት ጠይቀሻት ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

«ቤቷን ታውቂዋለሽ? ምን በልታ እንደምታድር፣ ማን እንደሚያነሣት?»

«አላውቀውም።»

«እኔ የእናትሽን ጉልበት አውቅ ነበር። የአባትሽን ሳል አውቅ ነበር። ዝም ብሎ ቁጥር የሚሰጥ መሰለሽ እንዴ? እሺ፣ ከአርባው ስንቱን ለራስሽ አስቀረሽ?»

«ምን አባቴ?»

«ስንቱን አንቺ ሰገድሽ ነው የምልሽ።»

አልገባትም። ገባት። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ከአገር ስትወጪ፣ የዜማ ጊዜ፣ ስንት ሰጠሁሽ?»

«ስልሳ።»

«እኔስ ስንት ሰገድሁ?»

እሱን ጠይቃቸው አታውቅም።

«ስልሳ። ያንቺን ያህል፣ ባንቺው ቀን፣ በባዶ ሆዴ። ይኼው ወገቤ እስከ ዛሬ ያንቺን ምላስ ይከፍላል! ቀኖና ሰጥቶ ቁጭ የሚል ማነው? ያማ ዱላ ነው። ሰምተሽኛል? ዱላ ነው ያቀመስሻት።»

«ሰምቻለሁ አባቴ።»

«እግዚአብሔር...» አሉና መስመሩ ጠፋ። ይፍታሽ ሊሉ ነው? ይይልሽ ሊሉ ነው? መልሳ ብትደውል ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም። እንግዲህ ይህን ደግሞ ይዛ ትኑር።

አሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ገባች። ሲስተር ክላራ ቅጹን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ አድርገው፣ «ችግር ነበር?» አሉ። የሺአረግ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ መዳፉን ወደ ላይ።

«ምንጣፍ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ነገረቻቸው። ሲስተር ክላራ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን በዚያ በጸጉር ሠሪ እጃቸው አሹት። «አርባ?» አሉ በመጨረሻ። «ለምን አርባ?»

«ከቀኖና የሚያንሰው እሱ ነው፣ ሲስተር።»

«አምላኬ። ልትሞት ትችል ነበር እኮ፣ የሺ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ዓመት ምን አስተማርሁሽ?»

«እጄን።»

ሴትዮዋ ቅጹን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ያለ ቁጣ፣ ለራሳቸውም እያመማቸው ተናገሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አትሰሚም፣ ከቅዳሜውም ቡድን ትወጫለሽ፣ ለኃላፊዎቹ እጽፋለሁ፣ ሰኔ ላይ ወረቀት የለም፣ ከዚያ ወዲያ ይኖራል ብዬም አልዋሽሽም። ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው። የሺአረግ ራሷን ነቀነቀች። በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች፤ «የመጀመሪያ ቀን ደግሞ መንገዴን ስጠየቅ ዋሽቻለሁ። የመጣሁት ስለ ማሕሌት አልነበረም። እኅቴ ስሚኝ ብላኝ...» አለችና እጇ ሊነሣ ሲል መልሳ አወረደችው፣ ቃሉም እዚያው ቀረ። ሲስተር ክላራ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ጠበቋት። «ሌላ ቀን» አለች የሺአረግ።

ቱሊዮ በአሮጌ ፊያት መኪናው ሆስፒታል ወሰዳት። ከሰው አፍ ወሬ ስቦ የሚያወጣ ሰው፣ ፊቷን አንዴ አየና፣ «ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው» ብሎ እስኪደርሱ አንድ ቃል አልጠየቃት። ሐይቁ በመስኮቱ ያልፋል። ዜማ ውሃው ውስጥ ቆማ ምንጣፍ ትረግጣለች፣ ቀሚሷን ሰብስባለች፣ ትስቃለች፣ አሁን ሳቋን ልታቆም ነው፣ ዝም በይ የሺ፣ አሁን ብቻ ዝም በይ።

ኦርኔላ አልጋ ላይ ናት፤ ግንባሯ ተጠቅልሎ፣ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶ፣ ፊቷ ግማሹ ወይን ጠጅ ሆኖ። የሺአረግን ስታይ በደኅናው ዓይኗ ሳቀች።

«አልተናገርሁም» አለች በሹክሹክታ። «ምንጣፍ ነው ብያለሁ።»

«እኔ ተናግሬያለሁ።»

«ወይኔ! ለምን? ወረቀትሽስ?»

«የለም። ኦርኔላ፣ ይቅር በዪኝ። በሽታ አለብሽ ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ሸክሙን ሰጥቼሽ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ስዘፍን ነበር።»

ኦርኔላ ጣራውን አየች። እዚህ ጣራ እድፍ የለም፣ ነጭ ነው። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱን እኔም አውቅ ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ እንደ አስተማሪ ጣቷን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣች። «ብቻ አሥራ ሰባት ቀርቶኛል። ያልጨረሱት ሒሳብ እንቅልፍ አይሰጠኝም።»

«የኔ ናቸው» አለች የሺአረግ። «ከመጀመሪያውም ግማሹ የኔ ነበር። አገራችን እንዲያ ነው፣ ረስቼው ነው።»

ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን ከአልጋው ሥር ባለው ላስቲክ ወለል ላይ አነጠፈችው። ወለሉ የመድኃኒት ሽታ አለው። በስመ አብ ብላ ወረደች፣ ግንባሯ ወለሉን ነካ፣ ጉልበቷ ቋ አለ፣ ተነሣች። «ኡኖ» አለች ኦርኔላ ከላይ፣ አንድ ማለቷ ነው። ወረደች። «ዱዌ።» በአምስተኛው ላብ አጠመቃት። በስምንተኛው አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ከትሪዋ ጋር ደርቃ ቀረች። «ምንድን ነው ይኼ? ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?» ኦርኔላ በሒሳብ መምህርት ዓይኗ ገርመም አድርጋት፣ «ሽሽ! ስምንት ላይ ነን፣ አታሳስቺን!» አለቻት። ነርሷ በሩን ዘጋች። የሺአረግ ወለሉ ላይ ሆና ሳቅ አፈናት፣ ሳቁ እንባ ነው፣ ለይቶ አያስታውቅም፣ ወገቧ የአባን ወገብ ሆነ፣ ጸሎቱ ጠፋባትና ዝም ብላ ብቻ ወረደች፣ ተነሣች፣ ወረደች። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። «ዲቻሴቴ!» አለች ኦርኔላ፣ «አሥራ ሰባት፣ አለቀ፣ ተነሺ የኔ እመቤት።»

የሺአረግ ተነሣች። ነጠላውን ግን አላነሣችም። እንደገና ወረደች።

«የሺ፣ አልቋል እኮ። አሥራ ስምንት ነው።»

«ይኼ ያንቺ አይደለም» አለች ከወለሉ። «የሌላ ሰው ነው።»

ኦርኔላ አፏን ልትከፍት ነበር። የማን? ምን አድርገሽ? መቼ? መተው ከበዳት፣ ከፊቷ ያስታውቃል። ከዚያ ጉሉኮስ የተሰካበትን ክንዷን ቀስ ብላ አምጥታ ሁለቱንም እጆቿን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ መዳፉን ወደ ላይ፣ ባዶውን፣ የሺአረግ ራሷ አራት ወር ሙሉ ያቃታትን።

ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ አዲስ ጀመረች።

«ኡኖ።»